የኦክ ዛፍ በግቢ ውስጥ፦ አመራረጥ፣ አተካከልና እንክብካቤ

ግቢ ውስጥ የተተከለ ኦክ መድረቅ ሲጀምር ብዙ ሰው ተባይ ወይም በሽታ ፍለጋ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የተፈጸመው በተከላው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ነው። ችግኙ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ተቀብሯል፣ አፈሩ የማይስማማው ዝርያ ተመርጧል፣ ወይም ዛፉ ሲደርስ የሚይዘው ስፋት አልታሰበም። ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ዛፉ ለዓመታት ደህና መስሎ ያድግና ከዚያ ከአናቱ መሳሳት ይጀምራል፤ ያኔ ለማዳን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከእንክብካቤው ይልቅ ለምርጫውና ለተከላው ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል።

ቦታውን በገመድ ይለኩ

ትልልቆቹ የኦክ ዝርያዎች ሲደርሱ በአብዛኛው ከ18 እስከ 25 ሜትር ይረዝማሉ። ገላጣ ቦታ ላይ ብቻውን ያደገ ኦክ ደግሞ ወደ ጎን የሚዘረጋው ከቁመቱ ብዙም አያንስም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከቁመቱ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ማንበብና መሬት ላይ ማየት የተለያየ ነገር ነው። ችግኙ እንዲቆምበት ባሰቡት ነጥብ ላይ ካስማ ይቸክሉ፣ 10 ሜትር ገመድ ያስሩበት፣ ጫፉን ይዘው ዙሪያውን ይዙሩ። የዞሩት ክብ ቅርንጫፎቹ ወደፊት የሚሸፍኑት መሬት ነው። ክቡ የቤቱን ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የጎረቤትን ግቢ የሚነካ ከሆነ ወይ ካስማውን ያንቀሳቅሱ፣ ወይ አነስ ያለ ዝርያ ይፈልጉ። ከእንግሊዝ ኦክ መካከል ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ጠባብ ዓይነት አለ፤ ለጠባብ ግቢ የሚሆነው እሱ ነው። «ሲያድግ እየከረከምኩ አሳንሰዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ለኦክ አይሠራም። አናቱ የተቆረጠ ኦክ ከቁስሉ መበስበስ ይጀምራል፣ የቀድሞ ቅርጹንም አያገኝም።

ከመሬት በታች ያለውም መታሰብ አለበት። የኦክ ሥር ወደ ጥልቁ ብቻ ይወርዳል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ችግኙ መጀመሪያ ዋና ሥሩን ወደ ታች መስደዱ እውነት ነው፤ ዛፉ ሲጎለምስ ግን አብዛኛው ሥር በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በጣም አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከእግረኛ መንገድ፣ ከፍሳሽ ቱቦና ከቤት መሠረት መራቅ ያስፈልጋል። ትልቅ ዝርያ ከሆነ ከቤቱ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ቤቱ የቆመው ሲደርቅ በሚሰነጠቅና ሲርስ በሚያብጥ ሸክላማ አፈር ላይ ከሆነ ግን 10 ሜትርም ላይበቃ ይችላል፤ ኦክ ከአፈሩ ብዙ ውኃ ስለሚስብ መሬቱን ያሸማቅቃል፣ መሠረቱም ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከመትከል በፊት ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያግኝ። ከዚያ አፈሩን በሁለት መንገድ ይፈትሹ። የመጀመሪያው የውኃ ፈተና ነው፦ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት፣ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉት። በማግስቱም ውኃው ቆሞ ካገኙት አፈሩ ውኃ የሚያቁር ነው። ሁለተኛው የአፈሩን ፒኤች፣ ማለትም አፈሩ አሲዳማ ወይም አልካላይን መሆኑን የሚያሳየውን ቁጥር፣ መለካት ነው፤ ቀላል መለኪያ ይበቃል፣ የአፈር ላቦራቶሪ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። ይህችን ቁጥር ሳያውቁ ዝርያ መምረጥ በግምት መሄድ ነው።

ለአፈርዎ የሚሆነውን ዝርያ ይምረጡ

በዓለም ላይ ወደ 450 የሚጠጉ የኦክ ዝርያዎች አሉ። በተፈጥሮ የሚገኙት በአመዛኙ በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው። ለተካይ የሚጠቅመው ዋናው ክፍፍል የነጭ ኦክ ወገንና የቀይ ኦክ ወገን የሚባለው ነው። የነጭ ኦክ ወገን ቅጠል ጫፎቹ የተድበለበሉ ናቸው፣ ፍሬውም በዚያው ዓመት ይበስላል። የቀይ ኦክ ወገን ቅጠል ጫፎቹ የሾሉና እንደ ፀጉር የቀጠነ እሾህ ያላቸው ናቸው፣ ፍሬውም የሚበስለው በሁለተኛው ዓመት ነው። ልዩነቱ በኋላ ፍሬ ሲዘሩም ሆነ በሽታ ሲመጣ ያስፈልጋል።

የውኃ ፈተናው አፈሩ ውኃ እንደሚያቁር ካሳየ ረግረግ የሚችለው ስዋምፕ ዋይት ኦክ ይስማማል፤ በእግርና በመኪና የተጠቀጠቀ አፈርንም ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ፒኤቹ ከ7 በላይ የሆነ አፈር ላይ በር ኦክ ወይም ቺንካፒን ኦክ ይትከሉ። በር ኦክ ድርቅንም ብርድንም የሚችል ጠንካራ ዛፍ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ በፍጹም መተከል የሌለበት ፒን ኦክ ነው። ፒን ኦክ በችግኝ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኝ፣ ቶሎ የሚያድግና ቅርጹ የሚያምር ዛፍ ነው፤ አልካላይን አፈር ላይ ግን ብረት መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ፣ ዛፉም እየመነመነ ይሄዳል። ብረት በመርፌም ሆነ በአፈር ሲሰጠው ለጊዜው ያገግማል እንጂ አፈሩ ያው ስለሆነ ችግሩ ይመለሳል።

ሞቃቱ ወቅት ደረቅ፣ ብርዱ ለስላሳ በሆነ አካባቢ ሆልም ኦክና የቡሽ ኦክ ይሆናሉ፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አላቸው። ሞቃትና እርጥበት ላለው ጠረፍ ላይቭ ኦክ ጥሩ ነው፤ ከከፍታው ይልቅ ስፋቱ ስለሚያይል ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ኦክ ሁሉ ቀርፋፋ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ነጭ ኦክ በእርግጥ ዝግ ይላል፤ የሰሜን ቀይ ኦክ ግን በተስማማው ቦታ በዓመት 60 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል።

በአካባቢዎ በተፈጥሮ የሚበቅል ኦክ ካለ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው። አየሩንና አፈሩን ይችለዋል፤ ከዚያም በላይ የአካባቢው ነፍሳትና ወፎች የሚኖሩበት ዛፍ ነው። በብሪታንያ ብቻ ከ2,300 በላይ የሕይወት ዓይነቶች ከአገሩ ኦክ ጋር ተያይዘው እንደሚኖሩ ተመዝግቧል። ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚቀልቡት በአባጨጓሬ ስለሆነ፣ ብዙ አባጨጓሬ የሚያኖር ዛፍ መትከል ለወፎች ምግብ መትከል ማለት ነው።

ችግኙን ሲገዙ

ትንሹን ይግዙ። ይህ ምክር ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፣ ምክንያቱም ትልቅ ዛፍ መግዛት ዓመታትን የሚያተርፍ ይመስላል። እውነታው ሌላ ነው። መሬት ላይ አድጎ የተነቀለ ትልቅ ዛፍ አብዛኛውን ሥሩን እዚያው ትቶ ይመጣል፤ የጠፋውን ሥር እስኪተካ ለዓመታት ሳያድግ ይቆማል። ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ያለ ጤነኛ ችግኝ ግን ቶሎ ሥር ይሰድና ብዙ ጊዜ ትልቁን ደርሶ ያልፈዋል።

ከመክፈልዎ በፊት ችግኙን ከነዕቃው ያጋድሙና ዕቃውን አውልቀው ሥሩን ይመልከቱ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ቦታ ይሂዱ። ቀጫጭን ሥሮች በዕቃው ጠርዝ ቢታዩ ችግር የለውም፣ በእጅ ይፈታሉ። እንደ ጣት የወፈረ ሥር ግንዱን ዞሮ ካገኙ ግን አይግዙት፤ ያ ሥር ግንዱም እሱም ሲወፍሩ ዛፉን አንቆ ይገድለዋል። ከዚያ ወደ ላይ ይመልከቱ፦ አንድ ቀጥ ያለ ዋና ግንድ ይኑረው፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ አናቱ ያልተቆረጠ ይሁን።

ከፍሬ ማብቀል ለሚፈልግ

ኦክን ከፍሬ ማብቀል ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፣ ዋና ሥሩ ሳይቆረጥ በቦታው ይወርዳልና። ፍሬው ከዛፉ ሲረግፍ ወዲያው ይልቀሙ፤ የኦክ ፍሬ ከደረቀ ይሞታል፣ እንደ እህል ከርሞ የሚዘራ አይደለም። ቆቡን አውልቀው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለበትን ይጣሉ፣ ነቀዝ ገብቶበታል። የቀረውን ውኃ ውስጥ ይክተቱ፤ በአብዛኛው የሚሰጥመው ደህናው ነው፣ የሚንሳፈፈው ደርቋል ወይም ተበልቷል።

የነጭ ኦክ ወገን ፍሬ እንደረገፈ ሥር ማውጣት ስለሚጀምር በዚያው ሰሞን ይዝሩት። የቀይ ኦክ ወገን ፍሬ ግን ቅዝቃዜ ሳያገኝ አይበቅልም። በትንሹ ከረጠበ አሸዋ ጋር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ6 እስከ 12 ሳምንት ያቆዩት፤ በረዶ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ሲዘሩ ፍሬውን በጎኑ አጋድመው ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር አፈር ያልብሱት። ቢቻል ዛፉ በሚኖርበት ቦታ ላይ ይዝሩት፤ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ጥልቅ ዕቃ ይምረጡና ሥሩ መዞር ሳይጀምር ያዛውሩት። የተዘራበትን ቦታ በደቃቅ ወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት፣ አለበለዚያ አይጥና ሽኮኮ ቆፍረው ይበሉታል።

ተከላው፣ ደረጃ በደረጃ

ተስማሚው ጊዜ ዛፉ ቅጠል የሌለበት ወይም አየሩ የቀዘቀዘበት ወቅት ነው። ብርዱ መሬቱን የሚያጠነክር ከሆነ ቅዝቃዜው አልፎ እንቡጡ ሳይፈነዳ በፊት ይትከሉ።

1. የሥሩን አንገት ያግኙ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ስለሆነ አይቸኩሉ። የሥር አንገት ማለት ግንዱ ወደ ታች ሲወርድ እንደ መለከት አፍ እየሰፋ የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ሥሮች የሚወጡበት ቦታ ነው። በችግኝ ጣቢያ አፈር በላዩ ስለሚጨመርበት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ተቀብሮ ይገኛል። ግንዱ ቀጥ ብሎ እንደ እንጨት ምሰሶ አፈር ውስጥ ከገባ አንገቱ ተቀብሯል ማለት ነው። በጣትዎ ወይም በቀጭን እንጨት አፈሩን በጥንቃቄ ይግፉት፤ በመንገድ ላይ የሚያገኙዋቸውን ፀጉር መሰል ሥሮች መቁረጥ ይችላሉ። ጣትዎ ከግንዱ ወደ ጎን የሚወጣ ወፍራም ሥር ሲነካ ደርሰዋል። ከዚያ በላይ ያለውን አፈር ሁሉ ያንሱ።

2. ጉድጓዱን ይቆፍሩ። ስፋቱ ሥሩን ከያዘው አፈር 2 ወይም 3 እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ከእሱ ያልበለጠ ይሁን። እንዲያውም በጥቂቱ ያነሰ ቢሆን ይመረጣል፣ አንገቱ ከመሬቱ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ። የጉድጓዱን ወለል አይቆፍሩ፤ የላላ አፈር ላይ የተቀመጠ ዛፍ ይሰምጣል። ሸክላማ አፈር ከሆነ ግድግዳው በአካፋ ተልጎ እንዳይቀር ይጫጫሩት።

3. ሥሩን ያዘጋጁ። ከዕቃ የወጣ ከሆነ ዳር ዳሩን የዞሩትን ሥሮች ይፍቱ፣ እንቢ ያሉትን ይቁረጡ። በጆንያና በሽቦ ታስሮ የመጣ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ ገመዱን፣ ሽቦውንና ጆንያውን ቢያንስ ከላይኛው ግማሽ ላይ ቆርጠው ያውጡ።

4. አፈሩን ይመልሱ። የቆፈሩትን ያንኑ አፈር ይጠቀሙ። ብስባሽ ወይም ፍግ ከጉድጓዱ አፈር ጋር መቀላቀል አያስፈልግም፤ ሥሩ ለስላሳው ጉድጓድ ውስጥ እየዞረ ወደ ውጭው አፈር መውጣት ሊያቅተው ይችላል፣ ብስባሹ ሲሟሽሽም ዛፉ ይሰምጣል። ማዳበሪያ በመጀመሪያው ዓመት አይስጡ። ጉድጓዱ ሲጋመስ ውኃ አፍስሰው አየሩን ያስወጡ፣ ከዚያ ይሙሉት። በእግር አይርገጡት።

5. ጉዝጓዝ ያልብሱ። የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የራሱን የዛፉን ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢያንስ አንድ ሜትር ወርድ ባለው ክብ ላይ ይነስንሱ። ከግንዱ ግን አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ጉዝጓዙን ግንዱ ላይ ቆልሎ ማስደገፍ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፣ በአንድ ወቅት የተጋለጠውን አንገትም መልሶ ይቀብረዋል።

6. ካስማ የሚያስፈልገው ዛፉ ራሱን ችሎ መቆም ካቃተው ብቻ ነው። ማሰሪያው ሰፊና ላላ ያለ ይሁን፣ በዓመቱ ይነሳ። በነፋስ የሚወዛወዝ ግንድ ይወፍራል፣ ሥሩም ይጠነክራል።

ውኃ

ለመነሻ የሚሆነው ልክ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር የግንድ ውፍረት በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሊትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ እስከ ሦስተኛው ወር በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ በሌለበት ጊዜ በሳምንት አንዴ። ሥሩ አሁንም ከዕቃው በመጣው አፈር ውስጥ ስለሆነ ውኃው መውረድ ያለበት እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩን በጭፍን አይከተሉ፤ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፣ ርጥብ ከሆነ ይተዉት። ውኃ የበዛበትም የጠማውም ኦክ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ የሚለየው አፈሩን መንካት ነው። 2.5 ሴንቲሜትር የሚወፍር ችግኝ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ክትትል ይበቃዋል፤ ወፈር ያለው የበለጠ ይፈልጋል።

ዛፉ ሲጠና ውኃውን ይቀንሱ። በደረቅ በጋ የለመዱ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ የካሊፎርኒያው ኮስት ላይቭ ኦክ፣ ካደጉ በኋላ በሞቃት ወቅት ግንዳቸው ሥር ውኃ ሲጠጡ የሥር አበስባሽ ፈንገስ ይይዛቸዋል። እንዲህ ያለውን ዛፍ የሣር መስክ መካከል አስቀምጦ በየቀኑ ማርጠብ መግደል ነው።

መግረዝ

በመጀመሪያው ዓመት የደረቀና የተሰበረ ብቻ ይነሳ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዋናው ዓላማ አንድ ግንድ እንዲመራ ማድረግ ነው፦ ሁለት እኩል የሆኑ አናቶች ሲፎካከሩ ካዩ አንዱን ያሳጥሩ። የታች ቅርንጫፎችን ቶሎ አይቁረጡ፣ ግንዱን የሚያወፍሩት እነሱ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ አይነሳ።

ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበት ያበጠ ቀለበት አለ፤ መቁረጫው ከቀለበቱ ውጭ ይሁን። ቀለበቱ ከተቆረጠ ቁስሉ አይዘጋም፣ ረጅም ጉቶ ከቀረም ይበሰብሳል። ከባድ ቅርንጫፍ ከሆነ መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ርቀው ከሥር በኩል እስከ ሲሶው ይሰንጥቁት፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ቆርጠው ይጣሉት፣ በመጨረሻ ጉቶውን ያስተካክሉ። በአንድ ጊዜ ከላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገፎ ይሄዳል።

ጊዜው ከአቆራረጡ ያላነሰ ነገር ነው። በአሜሪካ የኦክ ዊልት የሚባል ገዳይ የፈንገስ በሽታ አለ፤ ትኩስ ቁስል የሚሸትታቸው ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው ያደርሱታል፣ በተያያዙ ሥሮችም ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል። የቀይ ኦክ ወገን የሆነ ዛፍ ከተያዘ በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የነጭ ኦክ ወገን ይበልጥ ይቋቋማል። በሽታው ባለበት አካባቢ አዲስ ቅጠል መውጣት ከሚጀምርበት ጊዜ አንስቶ እስከ ሞቃቱ ወቅት አጋማሽ ድረስ ኦክ አይገረዝም፤ መግረዝ ያለበት ዛፉ በተኛበት ብርድ ነው። ቅርንጫፍ በነፋስ ከተሰበረ ቁስሉን ወዲያው ቀለም ይቀቡት። በሌላ ጊዜ ቁስል መቀባት አይጠቅምም፤ የሚመከረው ለዚህ ብቻ ነው።

የሚያሳስብና የማያሳስብ

ቅጠሉ ላይ ወይም ቅርንጫፉ ላይ የሚወጡ ክብ እባጮች ብዙ ሰው ያስደነግጣሉ። አብዛኞቹ ጥቃቅን ተርቦች እንቁላል ሲጥሉ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ዛፉን አይጎዱም፣ መድኃኒትም አያስፈልጋቸውም። ወጣት ኦክ የደረቀ ቡናማ ቅጠሉን ብርዱን ሙሉ ይዞ መክረሙም የተፈጥሮ ነው። አንድ ዓመት ፍሬ ሞልቶ በሚቀጥለው አለመታየቱም እንዲሁ፤ ኦክ በብዛት የሚያፈራው በጥቂት ዓመታት ልዩነት ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቅጠል ከአናት ወደ ታች እየሳሳ ሲሄድ፣ ያለ ወቅቱ በድንገት ቡናማ ሆኖ ሲረግፍ፣ ከግንዱ ጥቁር ፈሳሽ ሲንጠባጠብ፣ ወይም ግንዱ ሥር እንጉዳይ ሲበቅል የዛፍ ባለሙያ መጥራት ነው። የሣር ማጨጃ ማሽንም ጠላት ነው። ግንዱን ደጋግሞ ሲገጭ ቅርፊቱን ይልጣል፣ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ያበቃለታል። ጉዝጓዙ ማሽኑን ከግንዱ ስለሚያርቅ ለዚህም ያገለግላል።

ግቢ ውስጥ ፈረስ ወይም ከብት ካለ ፍሬውንና ለጋ ቅጠሉን አብዝተው እንዳይበሉ ያጥሩ፤ በውስጡ ያለው ታኒን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ግቢው ነባር ኦክ ካለው

ነባር ኦክ ያለበት ግቢ የገዛ ሰው አዲስ ከሚተክለው ይልቅ ያለውን መጠበቅ ያስቀድም። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ እስከ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ድረስ፣ ቢቻል ከዚያ አልፎ፣ በጠንካራ አጥር ይከለል። አጥሩ ውስጥ መኪና አይቁም፣ ብሎኬትና አሸዋ አይከመር፣ የሲሚንቶ እጣቢ አይፈስ። የተጠቀጠቀ አፈር አየር ስለሌለው ሥሩ ይታፈናል። መሬቱን ለማስተካከል ተብሎ በሥሩ ላይ 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር አፈር መድፋት እንኳ ትልቅ ዛፍ ሊያደርቅ ይችላል። የውኃ ቱቦ የግድ በዛፉ በኩል ማለፍ ካለበት በክፍት ቦይ ሳይሆን ከሥሩ በታች በመሰርሰር እንዲያልፍ ይጠይቁ፤ ሥራ ተቋራጩ ከመፈረሙ በፊት ይህ ውሉ ላይ ይግባ።